ለረጅም ጊዜ የቆመ የሞተርሳይክል ፒስተን ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኛል

ክቡራን ባለሙያዎች፣ በጥገና ሥራ ጀማሪ ስሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሳይነሳ የቆመ ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተርሳይክል ለማስነሳት እየሞከርኩ ነው። የመርገጫ ማስነሻው ንቅንቅ አይልም፤ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቼ የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ ባወዛውዝም ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) አይዞርም። ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ስመለከት የሲሊንደሩ ግድግዳ ዝጓል፣ ፒስተኑም መሃል ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ደባልቄ በዚያው በኩል ጨምሬ እንዲሰርግ ትቼዋለሁ። መርገጫውን በጉልበት መርገጥ ግን አልደፈርኩም፤ ጥርሱ ቢሰበር ሌላ ጣጣ ነውና።

ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) አውርጄ ፒስተኑን በእንጨት ቀስ እያልኩ ብመታው ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ወይም ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ይጎዱ ይሆን? ወይስ አሴቶኑ እሳት ስለሚስብ በሚገባ ካጸዳሁት በኋላ ሲሊንደሩን ከውጭ በማሞቅ ከፒስተኑ ቀድሞ እንዲሰፋ ማድረጉ ይሻላል? የሞከራችሁት ካላችሁ፣ የትኛውን እንዳስቀደማችሁ ብትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።