«ስልክ ብቻ ነው ያነሳሁት» ይባላል እንዴ?

የሜክሲኮ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንድ ነጋዴ ሲጠየቁ ሰማሁ። በማተሚያ ቤትና በዕቃ ማስመጣት ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሁሉንም ሸጠው አሁን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ትንሽ ቁርስ ቤት ከፍተዋል። «ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ብር አላስፈለገኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያነሳሁት። የዛሬ ወጣት ሰበብ ያበዛል» አሉ። ጋዜጠኛዋም «ድንቅ ነው» ብላ አለፈች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ስልክ እኔም አለኝ። የሚደውልልኝ ግን አከራዬ ነው።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
ምቀኝነት! ሰውዬው እነዚያን ቁጥሮች ለመያዝ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ከሰማይ አልወረዱላቸውም።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ከሰማይ ወረዱ ያለ ማን ነው? «ከዜሮ» አይበሉ ነው ያልኩት። ስልክ ተነስቶ ፍሪጅ በዱቤ ከመጣ፣ እንቁላል በሳምንት ሒሳብ ከገባ፣ አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልጠየቀ፣ ይሄ ዜሮ ከሆነ እኔ የት ነኝ?

ጡረተኛው፦
አንተ ሰበብ ላይ ነህ ልጄ።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎም ሬዲዮ ላይ ነበሩ እንዴ?

እታለም ፉል፦
እኔ አራት ኪሎ ጓሮ ውስጥ ፉል እሠራለሁ። ስለዚህ «ስልክ» ስለሚባለው ነገር ልንገራችሁ። ስጀምር ዕቁብ ገባሁ። ዕጣው ቶሎ ወጣልኝና እልል አልኩ። ዳኛው «ዋስ አምጪ» አለኝ። ዋሱ ደግሞ የዕቁቡ አባል፣ ገና ዕጣ ያልወጣለት መሆን አለበት። እኔ አዲስ ነኝ፣ ማን ያውቀኛል? አንዱ ፊት ለፊቴ «እህቴ፣ ነገ ዘግተሽ ብትጠፊስ?» አለኝ። መጨረሻ ላይ ዕጣዬን ለአንድ የቆየ ነጋዴ ሸጥኩት። እሱ ዋስ የሚሆነው ሰው ለማግኘት ከወንበሩ እንኳን አልተነሳም። ሁለት ሰዎች ከአጠገቡ «እኛ አለን» ብለው ፈረሙለት። ብሩን ቆጥሮ ሄደ። እኔ ያንን ብር ለቡታ ጋዝና ለምድጃ ነበር የፈለግሁት።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
ያ ነጋዴ ስንት ዓመት ሳይጠፋ ከፍሏል? እሱን አልጠየቅሽም።

እታለም ፉል፦
እሱን ማን ካደ? የከፈለበትን «ምንም አልነበረኝም» አይበል ነው እንጂ።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ሁለታችሁም ስልክ ብዙ ነገር የሚሠራ መስሏችኋል። አባቴ ካዛንቺስ ውስጥ ቁርስ ሲሠራ ነው እኔ ያደግሁት። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ተነሳ። ደንበኛው ተበታተነ፣ እኛም ወጣ ያለ ሰፈር ገባን። ስልኩ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ አለ። እንቁላል የሚያመጣለት ሰውዬ «ጋሼ፣ እዚያ ድረስ ነዳጅ አያዋጣኝም» አለው። ዳቦ ቤቱም እንደዚያው። የድሮ ደንበኞቹ ሲደወልላቸው «እንመጣለን» ይላሉ። አልመጡም። ጠዋት ሥራ ያለው ሰው ለፉል ብሎ ሁለት ታክሲ አይዝም። ይሄ ሰውዬ ከመሃል ከተማ ስላልወጡ ነው ስልካቸው የሠራው።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ይሄን ሬዲዮ ላይ ማን ይናገረው!

ሒሳብ ያዥ፦
ነገሩን ከዚህ አንፃር እዩት። ሰውዬው እንዲያውም ከዜሮ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። ቀድሞ በራሳቸው ስም ቫት ተመዝግበው ከነበረና ምዝገባው ካልተሰረዘ፣ ፉሉም ላይ 15 በመቶ መጨመር አለባቸው። የሚመዘገበው ሰውዬው እንጂ ሱቁ አይደለም። ጎናቸው የከፈተችው አዲሷ ልጅ ገና ለመመዝገብ የሚያበቃ ሽያጭ ስለሌላት ያለ ቫት ትሸጣለች። ተመጋቢው ደግሞ የሚያየው የመጨረሻዋን ቁጥር ነው። የድሮው ድርጅት ሒሳብ በኦዲት ካልተዘጋም ጣጣው ይከተላቸዋል። አዲሷ ልጅ ይሄ ሁሉ የለባትም።

ጠበቃ በነጻ፦
መላ አለው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ቲን፣ ማለትም አዲስ የግብር ከፋይ ቁጥር።

ሒሳብ ያዥ፦
ማኅበር ሲሆን ደግሞ ሽያጩ ቢያንስም ደረጃ ሀ ነው፣ ከትልልቆቹ ግብር ከፋዮች ተርታ። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታ፣ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር። ለአምስት ጠረጴዛ ፉል!

ጠበቃ በነጻ፦
ምርጫው የሳቸው ነው። ሌላም ነገር አለ። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ የአንድ መደብር ዋና ሀብቱ መልካም ዝናው ነው። ማተሚያ ቤቱን ሲሸጡ ዝናውንም አብረው ሸጠዋል። ሻጭ ገዢውን መፎካከር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ እዚያው ሙያ ውስጥ እንዳሻቸው ልመለስ ቢሉ አይችሉም። ቁርስ ቤት የመረጡት ወደው ላይሆን ይችላል።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ዝናው ከተሸጠ ታዲያ ስልኩን ማን አነሳላቸው?

ጠበቃ በነጻ፦
የተሸጠው የድርጅቱ ዝና ነው። የሰውዬው ስም አይሸጥም።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ይኸው! ከኔ ጋር ተስማማህ።

ጠበቃ በነጻ፦
አልተስማማሁም። ሕጉን ነው የነገርኩህ።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
ስልክ ስልክ እያላችሁ ዋናውን ረሳችሁት። የቆየ ነጋዴ የሚበልጠው በዓይኑ ነው። ቤት ሲከራይ መጀመሪያ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። የሱቁ ብቻ ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር የጋራ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን አይጠይቅም፣ ጎን ያለችውን ፀጉር ቤት ነው የሚጠይቀው። ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለ ቤቱ ቢያምርም ይተወዋል። ጠዋት ቆሞ ሰው በየትኛው ጥግ ታክሲ እንደሚጠብቅ ያያል። ውልና ማስረጃ ሳይሄድ ብር አይከፍልም። አዲሱ ልጅስ? መጀመሪያ የሚያሠራው ታፔላ ነው!

እታለም ፉል፦
ታፔላዋን ተዋት፣ ነካኸኝ።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
😂

የሜክሲኮ ልጅ፦
ዓይን ጥሩ ነው። ዓይን ግን ፍሪጅ አይገዛም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፍሪጅ ዋጋ ጠይቀህ ታውቃለህ? ሰውዬው ዕቃውን ከዚያ በፊት ገዝተው መጋዘን ውስጥ የነበረ ቢሆንስ?

አራዳ ጊዮርጊስ፦
ቢሆንስ፣ ባይሆንስ! አላየህም፣ አላየሁም።

ጡረተኛው፦
ባንክ አለ አይደል? ተበደሩ እንጂ። በኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ ዕድል አልነበረም።

ሒሳብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ባንኩ አለ፣ ብሩ ነው የጠፋው። ብሔራዊ ባንክ በ2015 ማለቂያ ላይ የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ላይ አጥሮት ነበር። ቆይቶ ከፍ ቢያደርገውም፣ የተገኘችው ብድር መጀመሪያ የምትደርሰው ባንኩ ለሚያውቀው ደንበኛ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መበደር በአዋጅ 1147/2011 ተፈቅዷል፣ እውነት ነው። ግን ምድጃ ይዘው ሄደው «በዚህ አበድሩኝ» ብለው ይሞክሩት።

ጡረተኛው፦
ምድጃ ይዤ ባንክ ልሂድ? ቀልደኛ ነህ።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
የቤት ኪራይ መቆጣጠሪያ ወጥቶ የለ እንዴ? ቢያንስ አከራይ እንዳሻው አይጨምርም።

ጠበቃ በነጻ፦
አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ አይነካም። ሱቅ ላይ የሚያድንህ ውልህ ብቻ ነው። ውል ሲያልቅ አከራዩ «ልጄ ሊሠራበት ነው» ካለህ አለቀ።

እታለም ፉል፦
ልጁም ፉል ነው የሚከፍተው። ያውም በኔ ደንበኛ!

አራዳ ጊዮርጊስ፦
እሱስ እውነት ነው።

እታለም ፉል፦
ሒሳብ ያዥ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ። ሽያጬ ከፍ እያለ ነው። ቫት የምመዘገብበት ጊዜ ሲደርስ ማን ይነግረኛል?

ሒሳብ ያዥ፦
ማንም አይነግርሽም። ራስሽ ተከታትለሽ ነው የምትመዘገቢው። ሳትመዘገቢ ከተደረሰብሽ ወደኋላ ተቆጥሮ ከነቅጣቱ ይመጣብሻል፣ ከደንበኛሽ ያልሰበሰብሽውን ከኪስሽ ትከፍያለሽ። የየቀኑን ሽያጭ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ዛሬውኑ ጀምሪ። ካልገባሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

የሜክሲኮ ልጅ፦
ተመልከቱ! ሰውዬው ይሄን የሒሳብ ሠራተኛቸውን በስልክ ጠይቀው ጨርሰዋል። እሷ ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው የምትሰማው።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
እሷስ አሁን በምን ጠየቀች? በስልኳ አይደል? ያውም በነጻ።

የሜክሲኮ ልጅ፦
አሁን ነው የተናደድኩት።