ለጥንድ ጨዋታ ምን ዓይነት የባድሚንተን ራኬት ልግዛ?

መረብ ጠባቂ

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ጂምናዚየም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ባድሚንተን እጫወታለሁ። እስካሁን የምጫወተው በውሰት ራኬት ስለነበር አሁን የራሴን መግዛት እፈልጋለሁ። የምንጫወተው ዘወትር በጥንድ ነው፤ አጣማሪዬ ቁመቱ ረዘም ያለና ከኋላ ሆኖ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚመታ ምት) መምታት የሚወድ ስለሆነ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምቆመው ከፊት፣ መረቡ አጠገብ ነው። ቦታ ስንቀያየርና ወደ ኋላ የመሄድ ተራ ሲደርሰኝ ግን ከጀርባ መስመር ከፍ አድርጌ የምልከው ሸትል (በራኬት የምንመታው የባድሚንተን ኳስ) የተጋጣሚዎቻችን ሜዳ መሐል ላይ ያጥርና በስማሽ ይመለስብናል።

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ ስጠይቅ ሻጩ ጭንቅላቱ ከበድ ያለ፣ ዘንጉም ድርቅ ያለ ራኬት አውጥቶ «ጉልበት የሚሰጥህ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ሸትልህ አያጥርም» አለኝ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ከፊት ለሚጫወት ሰው ቀላል ራኬት እንደሚሻል ይናገራል። ራኬቶቹ ላይ «4ዩ» እና «ጂ5» የሚሉ ምልክቶች አይቻለሁ፤ ትርጉማቸውን ግን ሻጩም በቅጡ አላብራራልኝም። ውዱ ራኬት ጭራሹኑ ክር አልነበረውም። ለእኔ ዓይነት ተጫዋች የትኛው እንደሚስማማ የምታውቁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ አሰልጣኝ

ሰላም ለእርስዎም። ከምልክቶቹ ልጀምር። «ዩ» የክብደት መለያ ሲሆን በዮኔክስ አቆጣጠር 3ዩ ከ85 እስከ 89 ግራም፣ 4ዩ ከ80 እስከ 84 ግራም፣ 5ዩ ደግሞ ከ75 እስከ 79 ግራም ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ራኬቱ ይቀላል ማለት ነው። «ጂ» የእጀታውን ውፍረት የሚያመለክት ሲሆን በዚያው ኩባንያ አሠራር ጂ5 ከጂ4 ይቀጥናል። እጀታን በመጠቅለያ ማወፈር ቀላል፣ ማቅጠን ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ሲጠራጠሩ ቀጭኑን ይውሰዱ። ሌሎች ኩባንያዎች የራሳቸው አቆጣጠር ስላላቸው ምልክቱን ብቻ አይተው አያነጻጽሩ።

ከክብደቱ ይልቅ በጨዋታዎ ላይ የሚፈርዱት ግን ሚዛኑና የዘንጉ ድርቀት ናቸው። ሁለት ራኬቶች እኩል 83 ግራም ሆነው አንዱ በእጅ ላይ እንደ ላባ፣ ሌላው እንደ መዶሻ ሊሰማ ይችላል፤ ልዩነቱ ክብደቱ የተከማቸበት ቦታ ነው። ራኬቱን በአመልካች ጣትዎ ላይ በአግድም አስቀምጠው ሳይወድቅ የሚቆምበትን ነጥብ ይፈልጉ፤ ከዚያም ከእጀታው ጫፍ እስከዚያ ነጥብ ድረስ በሜትር ይለኩ። በግምት ከ285 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጭንቅላቱ ቀላል ነው፤ ከ295 ካለፈ ከባድ ነው ሊባል ይችላል፤ በመካከል ያለው የተመጣጠነው ነው። አንድ 5 ግራም የሚመዝን መጠቅለያ በእጀታው ላይ ቢጨምሩ ይህ ነጥብ ወደ እጅዎ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጠጋ በሱቅ የለኩት ራኬት ቤት ወስደው ከጠቀለሉት በኋላ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ከፊት የሚቆም ተጫዋች ሸትሉ ወደ እሱ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ራኬቱን በፍጥነት ማንሳት፣ አቅጣጫ መቀየርና ለስማሽ መከላከል መዘጋጀት አለበት፤ ለዚህም ጭንቅላቱ ቀላል ወይም የተመጣጠነ ራኬት ይስማማዋል። ከኋላ ሆኖ ወደ ታች የሚመታ አጣማሪዎ ግን ከባዱን ቢይዝ አልቃወምም።

ዘንጉን በተመለከተ ሻጩ የነገረዎት በከፊል ብቻ እውነት ነው። ክንድዎን ሲወነጭፉ ዘንጉ ወደ ኋላ ለጥቂት ቅጽበት ይለመጥና ሸትሉን በሚነካበት ጊዜ ወደ ፊት ይፈናጠራል። ውንጨፋው ፈጣን ያልሆነ ሰው ድርቅ ያለ ዘንግ ከያዘ ዘንጉ አይለመጥለትም፤ ጉልበቱ ሁሉ ከገዛ ክንዱ መምጣት አለበት፤ ሸትሉም ያጥርበታል። በተቃራኒው ክንዱ እጅግ ፈጣን የሆነ ሰው ለስላሳ ዘንግ ቢይዝ ዘንጉ ከእጁ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ምቱ ካሰበው አቅጣጫ ይወጣበታል። ስለዚህ ድርቅ ያለው ራኬት የጉልበት ምንጭ ሳይሆን ጉልበትን ቀድሞ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው።

ላባ

የተከበሩ አሰልጣኝ በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የምንጫወተው የት እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሸትልን የሚያቆመው ከሁሉም በላይ የአየር ግፊያ በመሆኑ እዚህ አንድ ዓይነት ምት ከጂቡቲ ወይም ከምጽዋ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። ራኬት የሚሠሩ ድርጅቶች «ለጉልበት» ብለው የሚያስተዋውቁት ነገር ለእኛ የሚኖረው ጥቅም ያን ያህል እንዳይደለ፣ ይልቁንም መቆጣጠር እንደሚበልጥብን ከዚህ መገመት ይቻላል። እንዲያውም የእኔ ቡድን የዘወትር ችግር ሸትሉ ማጠሩ ሳይሆን ከጀርባ መስመር አልፎ መውደቁ ነው።

ጠያቂው ሸትሌ ያጥርብኛል ማለታቸው ታዲያ አስገርሞኛል። በዚህ ከተማ ሸትል ካጠረ ጉድለቱ የራኬቱ ክብደት ማነስ ሊሆን አይችልም፤ ወይ ሸትሉን የሚነኩት ከራሳቸው ጀርባ ዘግይተው ነው፤ ወይም አሰልጣኙ እንዳሉት የተዋሱት ራኬት ዘንግ ለክንዳቸው ደርቆባቸዋል።

ሸትሉንም ይመርምሩ። የፕላስቲክ ሸትል ከሆነ በአብዛኞቹ ዘንድ አረንጓዴ ምልክት ቀርፋፋ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን ማለት ነው። የላባ ሸትል ከሆነ ቱቦው ላይ ከ75 እስከ 79 ያለ ቁጥር ይጻፋል፤ ዝቅተኛው ቁጥር ቀርፋፋ ሲሆን ለደጋ ከተማ የሚመከረውም ይኸው ነው። የጨዋታው ሕግ መለኪያም አስቀምጧል፤ አንድ ተጫዋች ከጀርባ መስመር ላይ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ሙሉ ምት ሲመታ ትክክለኛ ፍጥነት ያለው ሸትል ከተቃራኒው የጀርባ መስመር ከ530 እስከ 990 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ይወድቃል። ፈጣን የላባ ሸትል ብቻ ከተገኘ የላባዎቹን ጫፍ በጥንቃቄ ወደ ውጭ ማጠፍ ያዘገየዋል።

ክር ወጣሪ

ሁላችሁም ስለ ክር አንድም ቃል ሳትናገሩ ማለፋችሁ ገርሞኛል፤ ሸትሉን የሚነካው እኮ ዘንጉ ሳይሆን ክሩ ነው። ጠያቂው ውዱ ራኬት ክር የለውም ብለዋል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ራኬቶች ብዙውን ጊዜ ያለ ክር የሚሸጡት ገዢው የክሩን ዓይነትና ውጥረት እንዲመርጥ ተብሎ ነው። ርካሾቹ ግን ከፋብሪካ በላላ ክር ተወጥረው ይመጣሉ።

ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ከ20 እስከ 24 ፓውንድ ባለው ውጥረት ቢቆይ ይበቃዋል። ውጥረቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሸትሉ በትክክል የሚወጣበት የራኬቱ መሐል ይጠብባል፤ ከመሐል ወጣ አድርጎ የሚመታ ሰውም ሸትሉ ይሞትበታል። ዝነኞቹ ተጫዋቾች 30 ፓውንድ ስለሚወጥሩ እኔም ላስወጥር የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ እነርሱ ሸትሉን ሁልጊዜ በመሐል ስለሚያገኙት ነው የሚያዋጣቸው። ራኬቱ የሚችለው ከፍተኛ ውጥረት ብዙውን ጊዜ በራኬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛልና ሳያነቡ አያስወጥሩ። የክሩን ውፍረት በተመለከተ 0.70 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለምሳሌ የዮኔክስ ቢጂ65፣ ቶሎ አይበጠስም፤ 0.65 አካባቢ ያሉት ሸትሉን በደንብ ያስፈነጥራሉ፤ ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው። ክር የሚቀይር ሰው እንደልብ በማይገኝበት ከተማ እኔ ወፍራሙን እመርጣለሁ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሜዳ ቴኒስ ራኬት የሚወጥር ሰው ባድሚንተንም እችላለሁ ቢልዎት የባድሚንተን ራኬት ወጥሮ የሚያውቅ መሆኑን፣ ማሽኑም ፍሬሙን ዙሪያውን ደግፎ የሚይዝ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። የቴኒስ ክር 50 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይወጠራል፤ በዚያ ልክ የተሳበ የባድሚንተን ፍሬም እዚያው ይሰበራል። አንዳንድ ማሽን በኪሎ ግራም ስለሚያሳይ 22 ፓውንድ ወደ 10 ኪሎ ግራም መሆኑን ይያዙ።

መረብ ጠባቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት የተዋስኩትን ራኬት በጣቴ ላይ አስቀምጬ ስለካው 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ እጀታውንና የጭንቅላቱን ጫፍ ይዤ በቀስታ ለመለመጥ ብሞክርም እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሸትላችን የፕላስቲክ ሲሆን የቱቦው ክዳን ሰማያዊ ነው። ሁለት ነገር ይቀረኛል፤ አንደኛ፣ ከጨዋታ በኋላ ክርኔ አካባቢ ይቆረጥመኛል፣ ይህ ከራኬቱ ጋር ይያያዝ ይሆን? ሁለተኛ፣ በስም የምትጠቁሙኝ ራኬት ይኖር ይሆን?

የቀድሞ አሰልጣኝ

የለኩት ውጤት ሁሉንም ይናገራል። በእጅዎ ያለው ለፊት ተጫዋች ሳይሆን ለአጣማሪዎ የሚሆን ራኬት ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ክንዱ በጣም ፈጣን ከሆነ ብቻ። በመካከለኛው ሸትል አጠረብኝ ማለትዎም የላባን ግምት ያጠናክራል።

ስለ ክርንዎ፣ ድርቅ ያለ ዘንግና ከልክ ያለፈ የክር ውጥረት የምቱን ንዝረት ወደ ክንድ ያስተላልፋሉ፤ ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ እጀታን ጨብጦ መያዝ ነው። ራኬቱን ላላ አድርገው ይያዙና ሸትሉን በሚነኩበት ቅጽበት ብቻ ያጥብቁት። እጀታው ለእጅዎ እጅግ ቀጭን ከሆነ ሳያውቁት ስለሚጨብጡት አንድ መጠቅለያ ይጨምሩ። ሕመሙ ካልተወዎት ግን ጨዋታውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ።

በስም ካነሣን፣ ዮኔክስ ራኬቶቹን በሦስት ቤተሰብ ይከፍላል፤ አስትሮክስ የሚባሉት ጭንቅላታቸው ከባድ፣ ናኖፍሌር የሚባሉት ቀላል፣ አርክሴበር የሚባሉት የተመጣጠኑ ናቸው። የታይዋኑ ቪክተርም በተመሳሳይ ትረስተር ብሎ ለጉልበት፣ ኦራስፒድ ብሎ ለፍጥነት፣ ድራይቭኤክስ ብሎ ለመካከለኛው ይሠራል። ለእርስዎ ከናኖፍሌር ወይም ከአርክሴበር ቤተሰብ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ 4ዩ ጂ5፣ ዘንጉ መካከለኛ ወይም ለስላሳ፣ በ22 ወይም በ23 ፓውንድ የተወጠረ ቢሆን በቂ ነው። በየቤተሰቡ ውስጥ ያለው ውድ ራኬት አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ይበልጥ ስለሚደርቅ ዋጋው ከፍ ያለው ይሻላል ብለው አይሳቱ።

ክር ወጣሪ

በአሰልጣኙ ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ናኖፍሌርን ከአርክሴበር አስቀድማለሁ፤ ቦታ የመቀያየር ልማድ ከሌላችሁና ከፊት የሚቆሙት ዘወትር እርስዎ ከሆኑ የተመጣጠነው ራኬት ምንም ጥቅም አይጨምርልዎትም።

ከመክፈልዎ በፊት ፍሬሙን በብርሃን ፊት ያዙሩት። ክሩ የሚያልፍባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች የተሰነጠቁ ወይም የጎደሉ አለመሆናቸውን በጣትዎ ጥፍር ይፈትሹ፤ ጠርዙ ላይ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ስንጥቅ የሚመስል ጥቁር መስመር ካዩ ይተዉት። ዘንጉና ጭንቅላቱ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ከእጀታው ጫፍ እንደ ጠብመንጃ አነጣጥረው ይመልከቱ። የታወቀ ስም የተጻፈበት ሆኖ ዋጋው ከሚገባው እጅግ ያነሰ፣ ክብደቱንም የሚገልጽ ምልክት የሌለው ከሆነ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ላባ

አርክሴበርን ከጨዋታው አላስወጣም፤ ጠያቂው ቦታ እንቀያየራለን ብለው በመጀመሪያው መልእክታቸው ጽፈዋልና። ከመወሰንዎ በፊት ከሌሎቹ ቡድኖች ሁለቱንም ዓይነት ተውሰው፣ በዚያው ሸትልና በዚያው አጣማሪ፣ አንድ አንድ ጌም ይጫወቱባቸው። የሚቀጥለውን ቱቦ ሲገዙ ደግሞ ክዳኑ አረንጓዴ የሆነውን ይምረጡ።