ቫኑዋቱ ውስጥ ናካማል ለተጋበዘ ሰው ምን ትመክራላችሁ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ምክንያት በፓስፊክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው የቫኑዋቱ ዋና ከተማ፣ ወደ ፖርት ቪላ ልሄድ ነው። የሚቀበሉኝ ሰዎች አንድ ምሽት ናካማል ወደሚሉት፣ በዘንባባ ቅጠል ወደተከደነ የካቫ መጠጫ ቤት ሊወስዱኝ አስበዋል። እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ አልኮል አልቀምስም፤ እንቢ ብዬ ጋባዦቼን እንዳላስቀይም ደግሞ ሰግቻለሁ። ካቫ ያሰክራል ወይ? ሥርዓቱስ ምን ይመስላል? የሚያስረዳኝን አላህ ይስጥልኝ።

ባሕር ማዶኛው (የደሴ ተወላጅ)፦
አብሽር ወንድሜ። ካቫ ከቁንዶ በርበሬ ወገን የሆነ ተክል ሥር ሲሆን፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በውሃ ይታሽና በጨርቅ ይጠለላል፤ ስለማይጠነሰስ አልኮል የለውም። መልኩ በክረምት የሚወርደውን የቦርከናን ጎርፍ ይመስላል፤ ጣዕሙም ከመልኩ አይሻልም። ከንፈርና ምላስ ያደነዝዛል፣ ቀጥሎም ሰውነት ይፈታል።

ሰዓቱ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። በር ላይ ፋኖስ ወይም ባለቀለም መብራት ከበራ ቤቱ ክፍት ነው ማለት ነው። በኮኮናት ቅርፊት የተቀዳልህን ይዘህ ፈንጠር ትልና በአንድ ትንፋሽ ጨልጠህ ትተፋለህ፤ መትፋት እዚያ ነውር አይደለም። ከዚያ ደብዘዝ ባለው ብርሃን ውስጥ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ትቀመጣለህ። ጠጅ ቤት መስሎህ ጨዋታ አደምቃለሁ ብትል፣ ወይም የካሜራ መብራት ብታበራ፣ የሁሉንም ዕረፍት ትረብሻለህ። ወደ ታና ደሴት ከተሻገርህ (ከእኛው ጣና ጋር እንዳይምታታ) ባህላዊው ናካማል ቤት ሳይሆን በትልቅ የባንያን ዛፍ ሥር ያለ ሜዳ ነው፤ በልማዱም ካቫ በሚጠጣበት ሰዓት ሴቶች አይቀርቡም። በፖርት ቪላ የንግድ ናካማሎች ግን ሴቶችም ይገባሉ።

ደረሳው (ወረባቦ)፦
ወንድማችን በደንብ ገልጾታል፤ ሆኖም አልኮል የለውም ማለት አእምሮን አይነካም ማለት አይደለም። በአገራችን በጫት ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ታውቃለህና፣ ስለ ካቫም ከመሄድህ በፊት የምታምናቸውን ሸኽ ጠይቅ። ጠባዩም የጫት ተቃራኒ ነው፤ ምርቃና የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው እንቅልፍ ነው። ጉበቱን የሚያመው ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባይነካው ይሻለዋል፤ ጠጥቶ መኪና መንዳትም አይገባም።

የሐይቁ አናጢ፦
እኔን የሳበኝ ክዳኑ ነው። እዚያ ናታንጉራ የሚባለውን የዘንባባ ዓይነት ቅጠል በዘንግ ላይ አጥፈው እየሰፉ እንደ ሰሌን ያዘጋጁትና፣ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብረው ከማገሩ ጋር ያስሩታል። እኛ ሣሩን በነዶ ነዶ እየደረደርን ወደ ጉልላቱ እንደምንወጣው ሁሉ፣ እነሱም ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይከድናሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ አገሪቱን ሲመታ ብዙ ጣሪያ ተገንጥሏል፤ ቅጠል ግን ከቆርቆሮ በተለየ ከደጅ ተቆርጦ ይተካል። ከቻልክ የውስጡን አሠራር በቀን ሄደህ ፎቶ አንሣልን።

የቦርከና ልጅ፦
ሸኻችንን እጠይቃለሁ። አይሆንም ካሉኝ፣ ሳልጠጣ አብሬ መቀመጥ ይቻላል?

ባሕር ማዶኛው፦
ይቻላል። ለጋባዦችህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ካልመጣህ እንጂ ካልጠጣህ ብለው አይቀየሙህም። የለጋ ኮኮናት ውሃ ይዘህ ብትቀመጥ ማንም አይታዘብህም። ከካቫው በኋላ አፍ ማጣፈጫ የሚሆን ምግብ በደጁ ይሸጣል፤ ሥጋው እንዴት እንደታረደ ስለማታውቅ ዓሣውንና ፍራፍሬውን ምረጥ።