ላሜራው ጠርዙ ላይ እየሰነጠቀብኝ ነው

የማርቆሱ በያጅ፦
ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለችኝ። ባለ 1 ሚሊ ላሜራ እየቀጠቀጥኩ አክንባሎ እሠራለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ይታዘዝልኛል። ከዚያ መዶሻው መንጠር ይጀምራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ትንሽ ስቆይ ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። አንዱን በከሰል አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ ምንም አልተሻለውም። ላሜራው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ባትላሜራ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ውኃውን ተወው። ግሎ ውኃ ሲገባ የሚለሰልሰው መዳብ ነው። ፋብሪካው ላሜራውን በቀዝቃዛው ዳምጦ ካቀጠነው በኋላ መልሶ በሙቀት አለስልሶ ነው የሚሸጠው፣ የሚያደድረው ያንተ መዶሻ ነው። ስትመታው ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ይደፈጠጣሉ። ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ስታሞቀው በቦታቸው አዲስ ቅንጣት ይወለዳል፣ ብረቱም እንደገና ይታዘዛል። 727ን አትለፍ። ቴርሞሜትር ከሌለህ ሲመሽ በጨለማ እየው፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን በቃው፣ ወደ ብርቱካንማ ከሄደ አልፎብሃል። ማግኔት መያዝ ካቆመማ 770 ደርሰሃል ማለት ነው። ትንሽ ደቂቃ በዚያው ሙቀት አቆየውና ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረው።

ሞረድ፦
ባትላሜራ ያለው ልክ ነው፣ ሁለት ነገር ልጨምር። ትንሽ ብቻ መታ መታ አድርገህ አታግለው፤ ያኔ ቅንጣቱ በጣም ይተልቅና ስትቀጠቅጠው ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። በደንብ እስኪደድር ሥራው፣ ከዚያ አግለው። ደግሞ በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳትሞርድ አትጀምር፣ ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያች ሻካራ ጥርስ ነው።
እባክህ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከሆነ ግን እሳት ውስጥ አትክተተው! ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ እያለህ በትኩሳት ያንቀጠቅጥሃል። ብየዳ ላይ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ።

የማርቆሱ በያጅ፦
ዚንክ የለውም፣ ጥቁሩ ላሜራ ነው። ትናንት ማታ በጨለማ አገልኩት፣ አመድ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው ስስ ጥቁር ቅርፊት ይዟል፣ በሽቦ ብሩሽ ለቀቀ። መዶሻው አሁን ዱብ ዱብ ነው የሚለው! ጠርዙን ሞርጄ ሁለት ዙር አጎደጎድኩት፣ አልሰነጠቀም። ድምፁ መቅጠን ሲጀምር አቁሜ መልሼ አግለዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ።