ሐይቁ ዳር የሩቅ ፕላኔት ብርሃን ለመሥራት ምክር ፈልጌ ነበር

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። ጥር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር፣ ጣና ጥግ ባለ አንድ ግቢ የመብራት ጥበብ ልናሳይ ነው። ሐሳቡ የሩቅ ፕላኔቶችን መልክዓ ምድር በብርሃን መሥራት ነው። ማርስ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በደቃቁ አቧራ ምክንያት ዙሪያዋ ሰማያዊ ይሆናል አይደል፣ እሱን በሰማያዊ ኤልኢዲ አቡጀዲ ላይ ልንሠራው አስበናል። ሁለተኛው አቦል ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት፣ ኮከቡ ቡና የተባለው ፕላኔት። የአቦልን ተራሮች በምን እንሥራቸው? ፕሮጀክተር የለንም፣ ብሩም ትንሽ ነው።

ሰማይ ጠባቂ፦
ኧረ ወንድሜ አቦል ምን ተራራ አለው! ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የሚከብድ የጋዝ ፕላኔት ነው፣ የሚቆምበት መሬት እንኳ የለውም። የተገኘውም ኮከቡ በስበቱ ስትወዛወዝ ተለክቶ እንጂ ታይቶ አይደለም። መልክዓ ምድር ከፈለጋችሁ ታይታንን ሥሩ። የሳተርን ጨረቃ ነው፣ ሰማዩ ብርቱካናማ ጭጋግ፣ ሐይቆቹ ደግሞ ውሃ ሳይሆኑ ፈሳሽ ሚቴንና ኢቴን። ሁይገንስ የተባለችው መንኮራኩር በ2005 እ.ኤ.አ. አርፋበት የላከችውን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት፣ ቀለሙን ከዚያ ትወስዳላችሁ።

ጣና ዳር ያደገች፦
እኔም ታይታን እላለሁ፣ ግን በሌላ ምክንያት። ሐይቁ ዳር ማታ ነጭ ወይ ሰማያዊ መብራት ያበራ ሰው ያውቀዋል፣ ትንኙ ግር ብሎ ይመጣና አቡጀዲው ጥቁር ይሆናል፣ ተመልካቹም አፉን ይዞ ይሮጣል። ቢጫና ብርቱካናማ ያን ያህል አይስባቸውም። ማርስን የግድ ካላችሁ ቤት ውስጥ አድርጉት።

አምፖል ሰብሳቢ፦
አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ለንደን ቴት ሞደርን የተባለው የጥበብ ሙዚየም ውስጥ በመብራት የሠራውን ፀሐይ እዩ። ፀሐይዋ ግማሽ ክብ ብቻ ነበረች፣ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው መስታወት ነው ክብ ያስመሰላት። አምፖሎቹም አንድ ዓይነት ቢጫ ብቻ ስለሚያወጡ ሰዉ ሁሉ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። እናንተ መስታወቱን በነፃ አግኝታችኋል፦ ግማሽ ክቡን ውሃው ጫፍ ላይ አቁሙት፣ ሌላውን ግማሽ ጣና ይሞላዋል። ነፋስ ካለ ግን ይሰባበራል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ በየሰዓቱ ሞክሩት።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እሺ፣ አቦል ቀረ በቃ። መብራት ቢሄድስ? ጄነሬተር ብንከራይ ድምፁ ሁሉን ያበላሻል።

አምፖል ሰብሳቢ፦
የመኪና ባትሪና የ12 ቮልት ኤልኢዲ ስትሪፕ ይበቃችኋል። ባትሪውን ብቻ ከውሃው አርቁት።