ጥቆማ፦ ለጸደይ ወፍ ባሕር ዳር ስትመጡ ብራችሁን ምን ላይ ታውሉታላችሁ?

«ሚያዝያ ላይ ልመጣ ነው፣ ዘጌ ይሻለኛል ቤዛዊት?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

በቅድሚያ ጊዜውን እንነጋገር። ኩርኪ (ፈረንጆቹ ክሬን የሚሉት) ለማየት ከሆነ ሚያዝያ ረፍዷል። ከኢስቶኒያና ከሩሲያ መጥተው በጋውን ጣና ዳር የሚያሳልፉት ኩርኪዎች እስከ መጋቢት ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ለእነሱ የካቲት ላይ ኑ። የእኛው ዘውድ ያለው ጥቁር ኩርኪ ግን ነዋሪ ነው፣ የትም አይሄድም። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ የሚያልፉት ንብ በሊዎቹ፣ ጨረባዎቹና ሌሎች ወደ ሰሜን ተመላሾች ናቸው።

የእኔ ምርጫ ቤዛዊት ነው። ለአጼ ኃይለ ሥላሴ የተሠራው ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። ባጃጅ ያደርሳችኋል። ግቢው ውስጥ እኔን አላስገቡኝም፣ ካሜራ ወደ ሕንፃው ማዞርም አይወደድም። ግን ለወፍ ሕንፃው ምን ያደርጋል? ዓባይ ከእግራችሁ ሥር ነው። ወፉን ከታች አንጋጣችሁ ሳይሆን ከላይ ቁልቁል ታዩታላችሁ።

አምና መጋቢት መጨረሻ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ተቀምጫለሁ። ወንዙ ላይ ያለው ጭጋግ ገና አልተነሣም። ከበስተቀኜ አንድ ጭልፊት መሳይ ወፍ ሣሩን እየላሰ በሚመስል ዝቅታ መጣ። አመድማ ነጭ ነው። ክንፉ ጫፍ ላይ ጠባብ ጥቁር ሽብልቅ አለ። ፓሊድ ሃሪየር፣ ወንዱ! በዓለም ደረጃ ለስጋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው። ጥበቃው ልጅ «ምን አይተህ ነው እንዲህ የምትዘል?» አለኝ። ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። «ጭልፊት አይደል እንዴ!» ብሎ መለሰልኝ።

ዘጌ፣ ጣና ውስጥ የገባው ልሳነ ምድር፣ ሌላ ነገር ነው። በልማድ በሬ የማይጠመድበት መሬት ስለሆነ ጫካው አለ፣ ቡናውም ከሥሩ። ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ ሲበር ቀይ ክንፉን ብልጭ ያደርጋል። ለፎቶ ዘጌ ይበልጣል። ለተጓዥ ወፍ ግን ቅጠሉ ይጋርዳል። ከዘጌ መልስ የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልን ለማየት ያሰባችሁ እህቶች፣ ሴት አይገባም፣ ሂሳቡን ቀድማችሁ አትክፈሉ።

ጀልባ። የሞተሩ ፈጣን ነው፣ ዘጌ ያደርሳል። ለወፍ ግን እንጃ። አንዴ «ቀስ አድርገህ ንዳልን» ብለን ተስማምተን፣ ሰውዬው ደንገሉ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አስጓርቶ ያለውን ሁሉ አስነሣብን። ብሩንም ሙሉውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርያም አካባቢ ታንኳ ነው የምይዘው። ቀዛፊው ዝም ይላል፣ ታንኳው ዝም ይላል፣ ዓሣ አጥማጁ ወፍ አጠገባችሁ ይወረወራል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ግን አካባቢውን የሚያውቅ ቀዛፊ ያዙ። «ወደዚያ አንሄድም» ካለ አትከራከሩት። ዋጋ አልጽፍም፣ ነገ ይቀየራል። ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

የባይኖኩላር ምርጫችሁ ከ8 በ42ና ከ10 በ50 ከሆነ (የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው)፣ 8 በ42 ግዙ። 10 በ50 ያቀርባል፣ ግን ይከብዳል፣ ታንኳ ላይ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የሚያሳየው ስፋትም ያንሳል። የማለዳ ብርሃን ላይ ልዩነታቸው ከቁም ነገር አይገባም። ቻይና ሠራሹን ርካሽ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ወጥታችሁ የሩቅ ታፔላ አንብቡበት። ፊደሉ ዳር ዳሩ ላይ ከደበዘዘ ተዉት።

ስልካችሁ ላይ መርሊንን፣ ወፍ የሚለየውን መተግበሪያ፣ ጫኑ፣ ነጻ ነው። ኢትዮጵያን የሚሸፍነውን የወፍ ጥቅል ቤት እያላችሁ አውርዱ፣ ጀልባ ላይ ኔትወርክ አትጠብቁ። በድምፅ መለየቱን ለእኛ አገር ወፍ ብዙ አላምነውም።

ከመጡት መልሶች አንዱ፦ «ጋሼ፣ ኩርኪውን ለማየት ሐይቁ ዳር መንከራተት ምን ያደርጋል? የካቲት ላይ በግልገል ዓባይ በኩል ማሳ ዳር ቁሙ። የሽምብራና የበቆሎ ቃርሚያ ሲለቅሙ ታገኟቸዋላችሁ። ገበሬውን ጠይቁ እንጂ ማሳው ውስጥ አትግቡ።»

እውነቱን ነው፣ እኔ ረስቼው ነበር። ከከተማ ስትወጡ ግን የመንገዱን ጸጥታ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከአገሩ ሰው ጠይቁ። የአምናው መረጃ አይሠራም።

ሌላዋ ደግሞ «ቤዛዊት ላይ ቡና አለ?» ብላለች። እኔ በማለዳ አግኝቼ አላውቅም፣ እቱ። ፔርሙስ ያዢ።