«ያልሆነ ነገር» ለልጆቻችን ምን ይፈይዳል?

የተማሪ አባት፣ ታቦር፦
እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለ10ኛ ክፍል የሳይንስ ልብ ወለድ ይነበባል ተባለ። የሚያስብ ማሽን፣ ሰው የሰፈረበት ሌላ ዓለም! በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተረሳ? ልጄ የአሁንና የኃላፊ ጊዜ ግስ ሳትለይ ያልሆነ ነገር ለምን ታነባለች?

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
«ያልሆነ ነገር» አሉ፣ ወንድሜ? 14 ዓመት ሳስተምር ተማሪን እንደ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ዓረፍተ ነገር ያስቸገረው የለም። እርሱ እኮ ስለ ያልሆነ ነገር መናገሪያ ሰዋስው ነው! ቀመሩን ከሰሌዳ ይገለብጡታል፣ በማግስቱ ይጠፋቸዋል። ባለፈው ወር «የሐዋሳ ሐይቅ አንድ ቀን ጠዋት ደርቆ ቢገኝ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ አጻፍኳቸው። ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ፣ አባቷ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ጀልባውን በደረቅ ጭቃ ሲጎትት፣ አሞራዎቹም ዓሣ ጠብቀው ሲያጡ ጻፈች። ግሱን ሦስት ጊዜ ሰርዛ አራተኛው ላይ አገኘችው።

የተማሪ አባት፣ ታቦር፦
አንዷ ጻፈች፤ የቀሩት 60ዎቹስ?

የፊዚክስ መምህር፦
ያልሆነ የተባለው ይሆናል። እንግሊዛዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ አርተር ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ የመገናኛ ሳተላይቶች ሲጽፍ አንድም አልነበረም። 20 ዓመት ሳይሞላ መጠቁ። እኛም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የራሳችንን አመጠቅን።

አንባቢ፣ መናኸሪያ፦
ክላርክ ያንን ያወጣው በቴክኒክ መጽሔት ነው፤ ልብ ወለድ አልነበረም። የእኛዋም ዝቅ ባለ ምህዋር ላይ ሆና መሬትን የምትቃኝ፣ ከቻይና የመጠቀች ሳተላይት ነበረች። ለጥሩ ሐሳብ የተሳሳተ ማስረጃ አታቅርብለት።

የፊዚክስ መምህር፦
መጣጥፍ መሆኑን እቀበላለሁ። ጸሐፊው ግን ልብ ወለድም የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ሁለቱን ከአንድ ጭንቅላት እንዴት ትለያቸዋለህ?

አንባቢ፣ መናኸሪያ፦
የምለየው አንተ ስለደባለቅኸው ነው።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር፦
ወደ ቃሉ እንመለስ፣ ልጆቼ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ የወለደው ማለት ነው፤ ማንም «ያልሆነ ነገር» ብሎ አልጣለውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ ልጆቹ በሲዳምኛም በአማርኛም እንዲህ ያለ ታሪክ ሳያነቡ በእንግሊዝኛ መጀመራቸው።

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
አባቴ፣ እውነትዎን ነው። ግን እስከዚያ ልጠብቅ? «ሮቦት» የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቁታል። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1920 ከተጻፈ የቼክ ተውኔት መሆኑንና ሥሩ «የግዳጅ ሥራ» ማለት መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ግን በእንግሊዝኛ።

የተማሪ አባት፣ ታቦር፦
መምህርት፣ ልፋትዎን አልናቅሁም። ነገር ግን ፈተናው ስለ ደረቀ ሐይቅ አይጠይቅም።

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
ስለ «ቢሆን ኖሮ» ይጠይቃል።

የተማሪ አባት፣ ታቦር፦
ያንን ከሰዋስው መጽሐፉ ትማረው። አሁንም ያልሆነ ነገር ነው እላለሁ።